«ጃክ ወለደች»

ከሳር ቤት ተነስተው በቫቲካን በኩል ወደ መካኒሳ ሲወርዱ ከታክሲው መስኮት የሚያዩት አጥርና የብረት በር ነው። ወርደው ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ሲታጠፉ ግን በሮቹ ማውራት ይጀምራሉ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይላል አንዱ በቀይ ቀለም። «ከውሻ ይጠንቀቁ» ይላል ሌላው፤ ከጽሑፉ አጠገብ ጥርሱን ያገጠጠ የውሻ ሥዕል አለበት። ሦስተኛው በር ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ከሥሩ ባለው ክፍተት ግን አንድ ጥቁር አፍንጫ ብቅ ብሎ ጫማዎን ያሸታል።

«አለ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ። «ኃይለኛ ውሻ አለች» የሚል ሰሌዳ አይተው ያውቃሉ? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖርም ሌባ የሚፈራው አይመስለኝም። ከስንቶቹ በሮች ጀርባ ያለችው ሴት ውሻ እንደሆነች የሚያውቀው ግን ዘበኛው ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አያውቅም።

በዚህ ወር ሩቅ አገር አልወስድዎትም። ላንጋኖም ላሊበላም ይቆዩን። መካኒሳን በእግር እንዙራት። የምንፈልገው ምግብ ቤት ወይም አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ውሻውንና ድመቱን ሲጠራ ምን እንደሚል መስማት ነው። እንግዳ ጉዞ ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ሰፈር ኖሬ ስለማውቀው፣ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ ብዙ ነፍስ እንዳለ አይቻለሁ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የማያውቀውን ውሻ ሲያገኝ ፆታው እስኪለይለት ድረስ እንደ ዕቃ «ኢት» ብሎ ያልፈዋል። እኛ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለንም። ለመጥራት «ና» ወይም «ነይ»፣ ለማባረር «ሂድ» ወይም «ሂጂ»፣ ስሙን ለመጠየቅ «ስሙ» ወይም «ስሟ» ማለት ግድ ነው። አፋችንን በከፈትን ቁጥር ከሁለት አንዱን መርጠናል። «ይናከሳል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱ «አትናከስም» ይልዎታል። እርማቱ በመልሱ ውስጥ ነው፤ ማንም ይቅርታ አይጠያየቅም፣ ግን ሁለታችሁም ሰምታችኋል።

በቋንቋችን ከፆታ ነፃ የሆነው አጠራር የአክብሮቱ «እርስዎ» ነው። እኔ ይኸው ወንድ ይሁኑ ሴት ሳላውቅ «እርስዎ» እያልኩ አብረን እየተጓዝን ነው። ለድመት ግን «ይምጡ» አይባልም። (አንዳንድ ድመቶች የሚጠብቁት ይህንኑ ቢመስልም።)

ግምታችንም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም። ውሻ ከሆነ ወንድ፣ ድመት ከሆነች ሴት ብለን እንጀምራለን። ተረቶቻችንን ያስታውሱ፦ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንላለን። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» እንላለን። ድመት ላይ ስንደርስ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ነው። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ስንልም አይጧ ሴት ናት። ትንሽ የሆነችውን ወይም የወደድናትን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራት የአማርኛ ልማድ ነው። ትንሽዬ ቤት «ቤቷ» ትባላለች፤ ወንድ ልጇን አቅፋ «አንቺ ቆንጆ» የምትል እናትም አለች። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘነው ውሻ ግዙፍና አንገተ ወፍራም ከሆነ «እሱ»፣ ትንሽና ጸጉራም ከሆነ «እሷ» ይሆናል። ከጅራቱ ሥር ያየ ግን የለም።

ወደ አቦ እንሂድ። መካኒሳ አቦን የማያውቅ የታክሲ ረዳት የለም። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ከመጡ ነጠላ የለበሰው ሰው መንገዱን ሞልቶት ያገኙታል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደኖሩ ገድላቸው ይተርካል፤ በሥዕላቸውም ላይ አውሬዎቹ እንደ ቤት ድመት እግራቸው ሥር ተኝተው ይታያሉ። ስንቱ ሴት ስንቱ ወንድ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከአጥሩ ውጪ ጧፍና ሻማ የሚሸጡ እናት አሉ። ከሚቀመጡበት በርጩማ ሥር አንድ ወደ ቀይ የሚያደላ ቢጫ ድመት ተጠቅልሎ ተኝቷል። እኔም እንደ ሁላችን ቸኮልኩ።

«እማማ፣ ድመትዎ እንዴት ታምራለች!»

«ወንድ ነው ልጄ።»

«ይቅርታ፣ አላወቅሁም።»

«የሰፈሩ ድመቶች ያውቁታል» አሉና ጧፋቸውን ማስተካከል ቀጠሉ።

ቀለሙን አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትኩ ነበር። የድመትን ጸጉር ቢጫ የሚያደርገው ዘረ መል የሚገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ድመት አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፣ እሱ ላይ የቢጫው ዘረ መል ካለ በቃ፣ ቢጫ ይሆናል። ሴቷ ሁለት ኤክስ ስላላት ሙሉ ቢጫ ለመሆን ከሁለቱም ወላጆች መውረስ አለባት። ስለዚህ ከ10 ቢጫ ድመቶች 8ቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ከሁለቱ ኤክሶቿ አንዱ ብቻ የቢጫውን ከያዘ ደግሞ ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለባት ዝንጉርጉር ትሆናለች። ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ አብረው የታዩባት ድመት ሲያጋጥምዎ ያለ ስጋት «ነይ» ይበሉ። እንዲህ ዓይነት ወንድ የሚወለደው ከ3000 አንድ ያህል ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም ተጨማሪ ኤክስ ይዞ የተወለደ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው።

ከአቦ እንደወጣን ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ከፊታችን ይሄዱ ነበር። በእጃቸው እያወሩ ነው። መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ከተከፈቱት የአገራችን ቀደምት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሚገኝባት ሰፈር ስለሆነች፣ የምልክት ቋንቋ እዚህ መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም። አንደኛዋ አጥር ሥር የተኛ ውሻ አይታ ጣቷን ቀሰረችበት፤ ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሌላው ሳቀ። ያቺ የጣት ቅሰራ «እሱ»ም «እሷ»ም ናት። መስማት የምንችለው እኛ አፋችንን በከፈትን ቁጥር የምንሳሳተውን፣ እነሱ በአንድ ጣት ያልፉታል።

አሁን ወደ ጃክ ልውሰድዎት።

ከሦስት ዓመት በፊት በመካኒሳ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የቤቱን ባለቤቶች እትዬና ጋሼ ብዬ ልጥራቸው። ጋሼ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለሱ መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዞ ከሚሸጥ ልጅ አንድ ገዝተው መጡ። እሳቸው የጠየቁት «ወንድ ነው?» ብለው ነው። ልጁ ምን ይበል? «አዎ ጋሼ፣ ያውም የጀርመን ዘር!» የጀርመን ዘር አለመሆኑ በሁለት ወር ውስጥ ታወቀ፤ ጆሮው አልቆም አለ። የመጀመሪያውን ቃል ግን ማንም አልመረመረም። ስሙ ጃክ ተባለ።

ጃክ ጥሩ ውሻ ነበር። ቆራሌውን ይጮህበታል፣ የቆጣሪ አንባቢውን ያሳድዳል፣ ጋሼ «ና ጃክ!» ሲሉ ከጓሮ እየበረረ ይመጣል። ወደ ስምንት ወሩ ገደማ የሰፈሩ ውሾች በር ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። «ጃክ ጓደኛ አበዛ» አሉ እትዬ። ግቢው በር በሰዓቱ አይዘጋም ነበርና ጃክም ወጣ ገባ ይላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሆዱ ሞላ። «ምግቡ ተስማምቶታል» ተባለ። ዘበኛው አንድ ቀን ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጃክ እኮ ጡት አለው» አላቸው። ጋሼም ሳቁበት፤ «ወንድም ጡት አለው፣ አንተ የለህም?» አሉት። በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም። ወንድ ውሻም እንደ ሴቷ በሆዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጡቶች አሉት። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ዝናባማ ጠዋት ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ሳሎኑን አንኳኳ፦

«ጋሼ፣ ጃክ ወለደ!»

«ወለደች በል እንጂ!» አሉ እትዬ ከውስጥ፤ ምን እንደሰሙ የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው።

ማገዶ ከተከመረበት ቆርቆሮ ሥር፣ 7 ቡችሎች። ስሟን የቀየረው ሰው የለም። የተቀየረው ማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ነው፦ ጃክ በላች፣ ጃክ ተኛች፣ ጃክ አኩርፋለች። ጋሼ ግን ከልማዳቸው ሊላቀቁ አልቻሉም፤ እስከ መጨረሻው «ና ጃክ!» ይሏት ነበር። እሷም ትመጣለች።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ሰፈሩም ለሳምንት ሳቀበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያወራውም።

ከሰባቱ አንዷ ዓይኗን ሳትገልጥ ሞተች። የቀሩት 2 ወንድና 4 ሴት ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች ገና ጡት ሳይጥሉ ጠያቂ አገኙ። ሴቶቹን የሚፈልግ ጠፋ። ምክንያቱን ያውቁታል፤ ምናልባት እርስዎም ብለውት ይሆናል። «ሴት ውሻ ትወልዳለች፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ትሰበስባለች፣ ለጥበቃ አትረባም።» የመጨረሻው እንኳ ልክ አይደለም፤ በየአገሩ ለፖሊስና ለጥበቃ የሚሠለጥኑት ወንዶቹም ሴቶቹም ናቸው። ጃክ ራሷ ወንድ ናት ተብላ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ስለ ጥበቃዋ አንድም ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም። ከወለደች በኋላ ነው ጋሼ «ለነገሩ ድሮም ጩኸቷ ቀጭን ነበር» ማለት የጀመሩት።

አንድ ማታ ዘበኛው ካርቶን ሲያዘጋጅ አየሁት። «ወዴት ነው?» ስለው ወደ ወንዙ በኩል በአገጩ ጠቆመኝ። ትንሹ አቃቂ በመካኒሳ በኩል ያልፋል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ለዘመናት ቆስጣና ሰላጣ ሲለማበት የኖረ ወንዝ ነው። በቀን ከላይ ሆነው ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ደስ ይላል። ማታ ማታ ግን የማይፈለግ ነገር የሚጣለው እዚያ ነው። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። እትዬም ክፉ አልነበሩም። እሳቸው እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

«እኔ ሰው እፈልግላቸዋለሁ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ተሰጠኝ።

ያደረግሁትን ልንገርዎት። ዋሸሁ። የመጀመሪያዋን ለጎረቤት ሱቅ ጠባቂ ሰጠሁ፤ «ወንድ ነው?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት። ሁለተኛዋን ለዘመድ፣ ሦስተኛዋን ጀርመን አደባባይ አካባቢ ጋራዥ ላለው ሰው። ሁሉም የጠየቁኝ ያንኑ ጥያቄ ነው፤ የሰጠኋቸውም ያንኑ መልስ ነው። አንዱም ገልብጦ አላየም። አራተኛዋን የወሰደች ሴት ብቻ ናት ሳልዋሻት የሰጠኋት፤ እሷም ሴቷን ፈልጋ ነው የመጣችው፣ «ሴት ታማኝ ናት» ብላ። መንገድ ዳር ቡችላ የሚሸጠውን ልጅ ስሰድበው ከርሜ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የእሱን ሥራ ለመድኩት። ከዚያ ወዲህ «ሰዎች የእንስሳትን ፆታ ይሳሳታሉ» ሲባል፣ ስንቱ ተሳስቶ ስንቱ ተዋሽቶ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር እናቴ ስሰማት፣ «አይዞሽ፣ የጃንሆይም ውሻ አልለየላትም» አለችኝ። ሉሉን ማለቷ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ቺዋዋ። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው፣ በ1983 በእንግሊዝኛ በወጣው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሉሉ ከንጉሡ ጭን ላይ እየወረደ የባለሥልጣናት ጫማ ላይ ይሸና እንደነበር፣ ጫማውን የሚጠርግም ሠራተኛ እንደነበረ ያወራል። መጽሐፉ እውነትነቱ ብዙ ያከራከረ ነው። በእንግሊዝኛው ሉሉ «ሂ» ነው፣ ዘሩም የጃፓን ነው ተብሏል። ቺዋዋ የሜክሲኮ ዘር ነው። ፆታውን በተመለከተ እናቴ አትስማማም፤ «ሉሉ የሴት ስም ነው፣ ሴት ናት» ትላለች፣ ቤተ መንግሥት ገብታ ባታውቅም። እኔ የምለው፣ በፖላንድኛም «ውሻ» የሚለው ቃል እንደኛው በወንድ አንቀጽ የሚሄድ ስለሆነ፣ ምናልባት መጽሐፉ ላይም የመረጠው ቋንቋው ይሆናል።

በውሻ ብቻ እንዳይመስልዎ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባለችው በቅድስት ሄለና ደሴት እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ የሚገመት ጆናታን የተባለ ግዙፍ ዔሊ አለ። በ1991 ፍሬደሪካ የምትባል አጋር ተሰጠችው። 26 ዓመት አብረው ኖሩ፤ ዘር ግን የለም። በ2017 የእንስሳት ሐኪም ሲመረምራት ፍሬደሪካ ወንድ ሳትሆን እንደማትቀር ታወቀ። ጆናታን ቅር ያለው አይመስልም። ግቢዎ ውስጥ ዔሊ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የወንዱ የሆድ ልባስ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ፣ ጅራቱም ረዘም ያለ ነው።

ለሰውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘች ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሁለት የዙሪክ ተመራማሪዎች «የዳሌዋን አጥንት ስናየው ሴት መሆኗ አልተረጋገጠም» ብለው ጽፈው ነበር። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን በቁመቷ ማነስ ምክንያት ሴት ናት በሚለው ጸንተዋል። እኛም ስሟን አልቀየርንም።

ዶሮውንማ ተዉት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «የሌማት ትሩፋት» ከተጀመረ በኋላ በመካኒሳ ጓሮዎችም የዶሮ ቤቱ በዝቷል። አንድ ወዳጄ ለእንቁላል ብላ 6 ቄቦች ገዝታ ነበር። በአራተኛው ወር አራቱ ጮኹ። ጎረቤት በሌሊት እየተነሳ ሲያማርር፣ እሷ ገና «ይህቺ ዶሮ ምን ነካት» ትል ነበር። የአንድ ቀን ጫጩትን ፆታ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዘዴውን አግኝተው ለዓለም እስኪያስተምሩ ድረስ ማንም በእርግጠኝነት አይለየውም ነበር።

የቤት ድመትና ውሻ ግን ጃፓን አያስኬድም። የሚያስፈልገው ገልብጦ ማየት ነው።

ቡችላ ከሆነ ጀርባውን በመዳፍዎ ደግፈው ሆዱን ወደ ላይ ያዙሩ። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ ሆዱ ላይ እንዳለ፣ ጸጉር ያለበት ትንሽ እብጠት ከነቀዳዳው ካዩ ወንድ ነው። የሴቷ ሆድ ላይ ከጡቶቹና ከእምብርቷ ሌላ ነገር የለም፤ ብልቷ ከኋላ እግሮቿ መካከል፣ ወደ ጅራቷ ተጠግቶ ነው። ጡት ቆጥረው አይፍረዱ። ፍሬውንም አይፈልጉ፤ ቡችላ ሳለ ገና ላይወርድ ይችላል።

ድመት ትንሽ ታስቸግራለች። ጅራቷን ቀና ያድርጉ። ሁለት ቀዳዳ ይታያል። ወንዱ ላይ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ራቅ ራቅ ብለዋል፤ ልክ በድሮው ጽሑፋችን ቃልን ከቃል የምንለይበትን ሁለት ነጥብ (፡) ይመስላሉ። ሴቷ ላይ የላይኛው ነጥብ ነው፣ የታችኛው ግን አጭር ቁም ሰረዝ ሆኖ ተጠግቶታል፤ ትእምርተ ሥላቅ (¡) ማለት ነው። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እኔኮ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ!» አሉ።

ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ጃክ ነግራናለች። ሴት ውሻ የመጀመሪያ ጊዜዋ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ውስጥ ይመጣል፤ የእርግዝናዋ ጊዜ 63 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ድመት ደግሞ በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ወንድ ነው ብለው በሩን ክፍት የተዉት ግቢ፣ በሁለት ወር ውስጥ ስድስትና ሰባት ነፍስ ይጨመርበታል። ሐኪም ዘንድ ወስዶ ማምከን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሴት መሆኗን ማወቅ አለበት። ጃክ ከዚያ በኋላ ተወስዳ ተሠርታላታለች፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው በመኪናቸው የወሰዷት።

ወንዙ ዳር የሚጣሉት ሴት ቡችሎች ሁሉም አይሞቱም። የዳኑት የመንገድ ውሻ ይሆናሉ፣ ይወልዳሉ፣ ክትባት የሚያያቸው የለም። በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ በውሻ ነው፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ልጅዎ በማንኛውም ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ይሂዱ። የጠበል ጊዜ አለው፤ ይህ ግን መጀመሪያ የመርፌ ነው።

ከመሰነባበታችን በፊት እስከ ጀርመን አደባባይ አብረን እንሂድ። ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ስነሳ ጋራዡን ማየት ነበረብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው።

ባለ ጋራዡ ወዲያው አወቀኝ። «አንቺ!» አለ፤ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንፏቅቆ እየወጣ። «ያ የሰጠሽኝ ወንድ ስድስት ወለደልኝ!» ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ አላስጨረሰኝም። «ተይው እህቴ። ሴት ናት ብትይኝ አልወስዳትም ነበር። አሁን ይቺን ውሻ በመኪና አልለውጣትም።» እሷም ከጎማ ክምር ሥር ወጥታ እጄን አሸተተች። የጃክ ጆሮ ነው ያላት፣ አንዱ ቆሞ አንዱ የወደቀ። ስሟ ነብሮ ነው።

ከስድስቱ አራቱ ሄደዋል። ሁለቱ በአሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተኝተው ነበር። «ምን እያልክ ነው የምትሰጣቸው?» አልኩት። በቅባት እጁ ግንባሩን አሸና፣ «አንቺ ያልሽኝን ነዋ» አለ።

እዚያው እንዳለን የፍሬን ሸራ ሊያስቀይሩ የመጡ ሰውዬ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብለው አንዷን አነሷት። ሃምሳውን የዘለሉ፣ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። ወደ ባለ ጋራዡ ዞረው፣ «ወንድ ነው?» አሉ።

እሱ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ።

«ገልብጠው ይዩት» አልኳቸው።

ገለበጧት። ነጥቧን፣ እምብርቷን፣ ሁሉንም አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ቡችላዋ ሆዷን ለፀሐዩ እንደሰጠች አውራ ጣታቸውን ማኘክ ጀመረች። ሊያስቀምጧት ወደ ወንበሩ ጎንበስ አሉ፤ እንደገና ቀና አሉና ኮታቸውን ከፈት አድርገው ደረታቸው ሥር ከተቷት።

«ስንት ወር ሲሆናት ነው የምትከተበው?»

«ሦስት» አልኩ።